ባለሙያ ናት

አማርኛችን አንዳንዴ ሳናስበው ምሥጢራችንን ያወጣብናል። «እከሌ ባለሙያ ነው» ሲሉን «የምን?» ብለን እንጠይቃለን፤ አናጺ ይሆናል፣ ሐኪም ይሆናል፣ የመኪና ሞተር ዐዋቂ ይሆናል። «እከሊት ባለሙያ ናት» ሲሉን ግን የሚጠይቅ የለም። ዶሮዋን አሥራ ሁለት ብልት አውጥታ፣ ሽንኩርቷን በእርጋታ አቁላልታ የምታቀርብ መሆኗ ሳይነገር ታውቋል። አንዱ ቃል ለወንድ ሲነገር አደባባይ ይወጣል፤ ለሴት ሲነገር ማድ ቤት ይገባል።

«መሐንዲስ» የሚለውም ቃል ዕጣው ያው ነው። ከዐረብኛ የተዋስነው ይህ ቃል በራሱ ወንድም ሴትም አይደለም። ነገር ግን «ወንድ መሐንዲስ» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «ሴት መሐንዲስ» ግን በየጋዜጣው አለች። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን ለተማሪዎቼ ቅጽል የሚያስፈልገው ያልጠበቅነው ነገር ሲመጣ ነው እላቸው ነበር። ነጭ ወተት የሚል የለም፤ ወተት ነጭ መሆኑን ሁሉም ያውቃልና። ሴት መሐንዲስ የምንለውም መሐንዲስ ሲባል ሁላችንም በልባችን የሳልነው ወንድ ስለሆነ ነው።

ከዚህ ቅጽል የተወለደች አንዲት ሐረግ አለች፤ «የመጀመሪያዋ ሴት» የምትል። ሐረጊቱን አልጠላትም፤ ደግሞስ እውነት ናት። ወይዘሮ ሙሉእመቤት እምሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት አውሮፕላን ማብረር ሲማሩ፣ አምሳለ ጓሉ ጥቅምት 2003 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አየር መንገድ የካፒቴንነት ማዕርግ ስታገኝ፣ ያ ነገር መነገር ነበረበት። ችግሩ ሌላ ነው። ወሬው እዚያው ላይ ያልቃል። አንድ ወንድ ሲሾም «ምን ሠራ? የሠራውስ ማንን ጠቀመ፣ ማንን ጎዳ?» እንላለን። ሴት ስትሾም እናጨበጭባለን፤ ከጭብጨባው በኋላ ወደየቤታችን እንሄዳለን። ጭብጨባ ደግሞ ከመርሳት ጋር ጎረቤት ነው።

ዛሬ ላነሣቸው የፈለግሁት ኢንጂነር አዜብ አስናቀን ነው። ስንት ልጅ አላቸው፣ ቤታቸውንና ሥራቸውን እንዴት አቻቻሉት የሚለውን ጥያቄ አላነሣም። ለወንድ መሐንዲስ የማናነሣውን ጥያቄ ለሴት ማንሣት ያው የማድ ቤቱን በር መልሶ መክፈት ነው። ስለዚህ ስለ ሥራቸው እናውራ።

አዜብ አስናቀ በሕዝብ ዘንድ የታወቁት የግልገል ጊቤ ሦስት የኤሌክትሪክ ማመንጫ ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ሆነው ነው። ግድቡ ወላይታንና ዳውሮን በሚያዋስነው የኦሞ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ የተሠራ ነው። ሥራው በ1998 ዓ.ም. ተጀመረ። የግድቡ ከፍታ 243 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ መሀል የቆመው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ እንኳ አይደርስበትም። አሠራሩ እንደ ቤት ኮንክሪት ቅጥን ያለ ሙሊት አይደለም፤ ደረቅ ያለ ኮንክሪት በስሱ እየተነጠፈ እንደ መንገድ በከባድ ሮለር ይዳመጣል፤ ከዚያ ሌላ ንጣፍ፣ ከዚያ ሌላ። ዓመታት የሚፈጅ የትዕግሥት ሥራ ነው። ከግድቡ በስተኋላ ወደ 15 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ የሚጠጋ ውኃ የሚይዝ፣ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ የሚተኛ ሐይቅ ተፈጠረ። እያንዳንዳቸው 187 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 10 ተርባይኖች ተተከሉ፤ ድምሩ 1,870 ሜጋ ዋት። ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የአገሪቱን የማመንጨት ዐቅም ወደ እጥፍ አስጠጋው።

ግንባታው ገና ሳያልቅ ሌላ ሹመት መጣ። በተለምዶ «መብራት ኃይል» የምንለው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ለሁለት ተከፈለ። ኤሌክትሪክ ለየቤቱ የሚያከፋፍለው ወገን «የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት» ተብሎ አስተዳደሩ በውል ለአንድ የሕንድ ኩባንያ ተሰጠ። የሚያመነጨውና በከፍተኛ መሥመር የሚያስተላልፈው ወገን ደግሞ «የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል» ተብሎ ዋና ሥራ አስፈጻሚነቱን አዜብ አስናቀ ያዙ። ልብ በሉ፤ ለአንደኛው ክፋይ ሥራ አስኪያጅ ከባሕር ማዶ ሲመጣለት፣ ለሌላኛው ከግድብ ግንባታ አቧራ ውስጥ የወጣች የአገር ልጅ ተገኘችለት። በእርሳቸው ዘመን ጊቤ ሦስት ተጠናቀቀ፣ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ የሚገባው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የኃይል መሥመር ግንባታው ተጀመረ፣ የሕዳሴው ግድብም በዚሁ መሥሪያ ቤት ሥር ሆኖ ይገነባ ነበር።

የረጅም የኃይል መሥመር ነገር ከተነሣ አንዲት አሜሪካዊት ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። ኢዲት ክላርክ ትባላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1883 ተወለደች። በእርሷ ወጣትነት «ኮምፒውተር» ማለት መሣሪያ ሳይሆን ሰው ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለመሐንዲሶቹ ቁጥር የሚያሰላ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሴት የሆነ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1919 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የማስተርስ ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ዲግሪዋን ይዛ በመሐንዲስነት የሚቀጥራት አጣች፤ ጄኔራል ኤሌክትሪክ የቀጠራት አስሊዎቹን እንድትቆጣጠር ነበር። በረጅም መሥመር ላይ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚጓዝ በቀላሉ የሚያሰላ መሣሪያ ፈለሰፈች፤ አሁንም መሐንዲስ አልተባለችም። ትታ ወደ ቱርክ ሄዳ አስተማረች። ስትመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1922፣ ያው ኩባንያ በመጨረሻ በመሐንዲስነት ቀጠራት። እ.ኤ.አ. በ1959 ስታርፍ የመስኩ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን መጽሐፍ ጽፋ፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አስተምራ ነበር።

የእርሷን ታሪክ ያመጣሁት ለማነጻጸር ብቻ አይደለም። ኢዲት ክላርክን ዛሬ የምናስታውሳት «የመጀመሪያዋ ሴት» ስለነበረች ብቻ ሳይሆን ስሌቷ ስለሚሠራ ነው። የመሐንዲስ ክብሩ ይኸው ነው፤ የሠራው ነገር ይፈተሻል። ታዲያ የአዜብ አስናቀን ሥራ የት ቆመን እንፈትሸው?

እኔ ዱብቲ ላይ ቆመን ነው እላለሁ። ግራ የሚገባው አንባቢ ይኖራል። ጊቤ ሦስት ኦሞ ላይ፣ ዱብቲ አፋር ውስጥ አዋሽ ዳር፤ ምን አገናኛቸው? ያገናኛቸው የወንዞቹ ጠባይ ነው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ዱብቲንና አሳይታን አልፎ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ባሕር አያይም። ኦሞም እንዲሁ ነው፤ ኬንያ ድንበር ላይ ቱርካና ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ባሕር የሚገባ ወንዝ ሲገደብ «በከንቱ የሚፈስ ውኃ» ማለት ይቀላል። ባሕር የማይገባ ወንዝ ግን በከንቱ የሚፈስ ጠብታ የለውም። ከላይ የቀረው ሁሉ ከታች ካለ ሰው ላይ የቀረ ነው።

ይህን ትምህርት ከኦሞ በፊት የተማርነው፣ ወይም መማር የነበረብን፣ አዋሽ ላይ ነው። በጣሊያን የጦር ካሣ ገንዘብ ጭምር የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። ለአዲስ አበባ ብርሃን ሆነ፤ ዘግየት ብሎ ሁለተኛውና ሦስተኛው የአዋሽ ማመንጫዎች ተከተሉት። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በዚያው ሰሞን ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ሆኖ የተንዳሆን የጥጥ እርሻ ጀመረ፤ ዱብቲም የጥጥ ከተማ ሆነች። የአውሳው ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬም የበኩላቸውን ዘመናዊ እርሻ አስፋፉ። በወረቀት ሲታይ ሁሉም አማረ፤ ጥጥ ተለቀመ፣ ትራክተር ገባ፣ የቀን ሠራተኛ ከደጋ ወረደ።

ያ መሬት ግን ባዶ አልነበረም። የወንዙ ዳርቻ ጎርፍ ሲመለስለት ሣር የሚያበቅል፣ አፋሩ በበጋ ከብቱንና ግመሉን የሚያሳርፍበት መጠባበቂያው ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ ሲመጣ መጠባበቂያው ጥጥ ሆኖ ጠበቀው። በዚያ ዘመን ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ የአፋር አርብቶ አደር እንደነበረና የወንዝ ዳር ግጦሹን ማጣቱ ጉዳቱን እንዳባሰው ያጠኑት ሰዎች ጽፈዋል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት አዋሽ ዳርም ልጅ አለው ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. መሬት ሲወረስ እርሻው የመንግሥት ሆነ፣ ሱልጣኑም ተሰደዱ። ባለቤቱ ተለወጠ እንጂ ውኃው ወደ ግጦሹ አልተመለሰም። ቆይቶ ደግሞ ተንዳሆ ላይ ከ1 ነጥብ 8 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ በላይ የሚይዝ ግድብ ተሠራ፤ ተራው የሸንኮራ አገዳ ሆነ። ግድብ በዝቶም ጎርፉ አልቀረም፤ በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል።

አሁን ወደ ኦሞ እንመለስ። ከጊቤ ሦስት በታች ሙርሲው፣ ቦዲው፣ ዳሰነቹ ጎርፍ ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ግድቡ የተቃወሙት ሰዎች ዋና ነጥብ ይህ ነበር፤ ጎርፉ ከተገራ እርሻው ምን ይሆናል? የግንባታ ውሉ ያለ ጨረታ ለጣሊያኑ ሳሊኒ መሰጠቱም ሌላ ክርክር አስነሣ። ትልልቆቹ ዓለም አቀፍ አበዳሪዎች ለግድቡ ገንዘብ ሳይሰጡ ቀሩ፤ የማመንጫው መሣሪያ በቻይና ብድር ተገዛ። በጥናቱ ላይ በዓመት አንድ ጊዜ ሰው ሠራሽ ጎርፍ መልቀቅ የሚል መፍትሔ ተቀምጦ ነበር። ሰኔ 2010 ዓ.ም. ዩኔስኮ የቱርካና ሐይቅ ፓርኮችን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ግድብ ነበር።

ይህን ሁሉ በአንዲት ሴት ላይ መጫኔ አይደለም። ግድብ እንዲሠራ የሚወስን መንግሥት ነው፤ መሐንዲሱ እንዴት እንደሚቆም ያውቃል፣ ያቆመዋል። በሌላ በኩልም የብርሃኑን ዋጋ ማቃለል የሚችል ብርሃን ያለው ሰው ብቻ ነው። በኩበትና በእንጨት ጭስ ዓይኗ የጠፋ እናት፣ ማዋለጃ ክፍሉ በሻማ የሚሠራ ጤና ጣቢያ፣ ለእነዚህ 1,870 ሜጋ ዋት ቁጥር ብቻ አይደለም። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና ኤሌክትሪክ ባላገኘበት አገር ያንን ግድብ ከዳር ማድረስ ትልቅ ሥራ ነው። ትልቅ ሥራ ስለሆነ ነው ከላይም ከታችም መመዘን ያለበት። «ሴት ስለሆነች እንለፋት» ማለት «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ከሚለው ተረት የተሻለ አይደለም፤ ሁለቱም ሴቲቱን ለክርክር የምትበቃ ሰው አድርገው አይቆጥሯትም።

አፋሮች ለዚህ ጥሩ ሥርዓት አላቸው፤ ዳጉ ይሉታል። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ዝናቡ የት ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ ማን ሞተ፣ የማን ከብት ጠፋ። ደንቡ ጥብቅ ነው። ያላዩትን አየሁ ማለት፣ ያዩትን ጎድሎ መንገር ነውር ነው፤ በተሳሳተ ወሬ ከብቱን ነድቶ ደረቅ ሜዳ ላይ የሚደርስ ሰው አለና። የእኛ ጋዜጣ የመጀመሪያዋን ሴት ሲያወራ የሚያወራው የዝናቡን ብቻ ነው። ዳጉ ቢሆን ኖሮ ስለ ግጦሹም ይጠየቅ ነበር።

ከዳጉ ሳንወጣ ሌላ ነገር ልጨምር። በአፋር አገር ቤት የምትሠራው ሴቷ ናት። እንጨቱን ቆርጣ፣ ጎብጦ እንዲቆም አድርጋ አስራ፣ ከዘንባባ ቅጠል በጠለፈችው ምንጣፍ ታለብሰዋለች። ነፋስ ያስገባል፣ ፀሐይ ይከለክላል፣ ሲያስፈልግ ተፈትቶ ግመል ላይ ይጫናል። ዓለም ላይ ካሉ ሞቃት ስፍራዎች በአንዱ፣ ያለ ምስማር፣ ተነቃይና ተመልሶ የሚተከል ቤት። ይህ ምሕንድስና ካልሆነ ምሕንድስና ምንድን ነው? ማንም ግን መሐንዲስ ብሎ አልጠራትም። በአዲስ አበባ የምሕንድስና ኮሌጅ በ1945 ዓ.ም. ሲከፈት፣ በአዋሽ ሸለቆ የጥጥ ካርታ ሲነደፍ፣ ይህቺን ሴት «አንቺ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ጎርፉ እስከየት እንደሚደርስ ታውቂያለሽ፤ እስቲ ንገሪን» ያላት አልነበረም።

ታሪክ ግን አንዳንዴ ይገለበጣል። ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ግማሹ ሴቶች የሆኑበት ካቢኔ ሲቋቋም፣ ከአፋር ክልል የተገኙት፣ በሲቪል ምሕንድስና የተማሩት ኢንጂነር አይሻ መሐመድ የአገር መከላከያ ሚኒስትር ሆኑ፤ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት። (ሐረጊቱ እዚህም አለች!) በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ወደ ከተማ ልማትና ኮንስትራክሽን ተዛወሩ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴር ሲቋቋም ደግሞ የመጀመሪያዋ ሚኒስትሩ ሆኑ፤ በ2016 ዓ.ም. እንደገና ወደ መከላከያ እስኪመለሱ ድረስ። በጋዜጦቻችን ብዙ የተጻፈው ስለ መከላከያው ነው። ለእኔ ግን ይበልጥ የሚገርመኝ የመስኖውና የቆላው ወንበር ነው። ስድሳ ዓመት ሙሉ ስለ ቆላው ውኃ የሚወስነው ከደጋ የወረደ ሰው ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ከወንዙ ግርጌ አገር የተገኘች መሐንዲስ ተቀመጠችበት። የእርሳቸውም ሥራ በዚያው ሚዛን ይመዘናል፤ የስንት ሰው ግጦሽ ተረፈ፣ የስንት ሰው ማሳ ጠጣ ተብሎ።

የአዜብ አስናቀ የሥራ አስፈጻሚነት ዘመን ያበቃው ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ነው። ወሩ ከባድ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን የሕዳሴው ግድብ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ መስቀል አደባባይ ላይ በመኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኝተው አገር አልቅሶ ነበር። ሜቴክ ከግድቡ ሥራ እንዲወጣ መወሰኑም በዚያው ነሐሴ ተነገረ። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሀል ዋና ሥራ አስፈጻሚዋ ተነሡ፤ ሌላ ሰው ተተካ። ሲሾሙ «የመጀመሪያዋ ሴት» ብሎ የጻፈው ብዕር ሲነሡ የአምስት ዓመት ሥራቸውን ቁጭ ብሎ አልመዘነም። የሕዳሴው ግድብ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል ሲያመነጭ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅም፣ ስማቸውን ያነሣ ብዙ አልሰማሁም። ንጣፍ በንጣፍ የሚቆም ሥራ ሆኖ የታችኛው ንጣፍ አይታይም።

ዱብቲ ላይ ያልተጨረሰ አንድ ንጣፍ አለ። ከከተማዋ በታች፣ በጥጥ እርሻው አካባቢ፣ ከ200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሚፈላ እንፋሎት ተኝቷል። ከ1986 እስከ 1990 ዓ.ም. በጣሊያን እገዛ ስድስት ጉድጓዶች ተቆፍረው ተረጋግጧል፤ ሦስቱ ጥልቆች፣ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚደርሱ ናቸው። አላሎባድ በተባለው ስፍራ ደግሞ ውኃው ራሱ እየፈላ ይወጣል። የተንዳሆ እንፋሎት በየጊዜው በኤሌክትሪክ ኃይል ዕቅድ ውስጥ ሲገባ ሲወጣ ኖሯል፤ አዜብ አስናቀ በመሩት ዘመንም የመሥሪያ ቤቱ ፕሮጀክት ነበር። ይህ ኃይል ወንዝ አይገድብም፣ ጎርፍ አያስቀርም፣ የማንንም የበጋ ግጦሽ ሐይቅ አያደርግም። ከላይ የሚቀር፣ ከታች የሚጎድል ነገር የለውም ለማለት ይቻላል። መሐንዲስ ብቻ ይፈልጋል፤ ገንዘብና ቆራጥነት የተጨመረለት መሐንዲስ።

ሰመራ ላይ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አለ። እዚያ ምሕንድስና የምትማር የአፋር ልጅ ቤት መሥራትን ከእናቷ፣ ስሌትን ከመምህሯ፣ እውነት መናገርን ከዳጉ ይዛ ትመጣለች። አንድ ቀን ያንን እንፋሎት መብራት ብታደርገው ስለ እርሷ የምንጽፈው ምን ይሆን? የመጀመሪያዋ ሴት መሆኗን በአንድ መሥመር እንጻፍ፤ ቀሪውን ገጽ ለሥራዋ እንተውላት፤ ለቱቦው፣ ለስሌቱ፣ ለዋጋው፣ ለተጠቀመውና ለተጎዳው። ያን ጊዜ «ባለሙያ ናት» ስንል የሚሰማን ሰው «የምን?» ብሎ ይጠይቃል።